ስሜ የተጻፈበት ዋይፋይ

ሰኞ፣ ኅዳር 5፣ ደሴ፣ ማታ

ዛሬም እምቢ አለች። የዋይፋዩን ስም ታያለች፣ ፓስወርድ ትጠይቃለች፣ እጽፋለሁ፣ ታስባለች፣ ታስባለች፣ አልተቻለም። ደግሜ ጻፍኩ። አልተቻለም። ፓስወርዱን ያወጣሁት እኔ፣ የምትከለክለኝ እሷ።

ስለ ላፕቶፗ ነው የማወራሽ፣ ማስታወሻዬ። ባለቤቴ ዘምዘም ከኮምቦልቻ፣ ከአባቷ ቤት፣ በፌስታል ጠቅልላ ያመጣቻት። እንደ ጡብ የወፈረች፣ ክዳኗ የተሰነጠቀ አሮጊት። አማቴ ሸህ ሙሄ በደህናው ጊዜ ያሉት መንዙማ የቀረው እዚች ውስጥ ብቻ ነው። የዘ. ወንድም ነበር የቀዳው። ሸህ ሙሄ ከረመዳን ወዲህ አንደበታቸው ተይዟል። ስትሮክ ነው። ይሰማሉ፣ ያያሉ፣ አይናገሩም። ሰሞኑን ደግሞ እህል እየተዉ ነው። ዘ. የራሳቸውን ድምፅ ሳይሰሙ አይሄዱም ብላለች። ብላለች ማለት አለቀ ማለት ነው።

ላፕቶፗ ራሷ ድምፅ አታወጣም። ፍላሽ ብሰካ አታውቀውም። የሲዲ ቦታዋ ተጣብቋል፣ የገመድ መሰኪያዋ ተሰብሯል። የቀራት ዋይፋይ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ሰኞ ገበያ ሰፈር ያለውን ሱቄን (ማመልከቻና የሠርግ ካርድ የምጽፍበትን) ዘግቼ ፒያሳ ወጣሁ፤ ሰብለ ጋ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። ጆሮዋን ላፕቶፗ ላይ ለጠፈች። ውስጧ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሃርድ ዲስኳ እየሞተ ነው፣ አያንገላቷት አለችኝ። ዋይፋዩን እምቢ ያለችው ደግሞ የዛሬውን የቁልፍ ዓይነት ስለማታውቀው ነው። ላፕቶፗ በተሠራች ጊዜ ገና አልመጣም ነበር። መላው? ፓስወርዱን ያንሱት፣ ትግባ፣ መንዙማውን ወደ አዲሱ ላፕቶፕዎ ታሳልፍ፣ ከዚያ ይቆልፉት።

ፓስወርድ አንሳ! በዚህ ጊዜ! የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። የሞባይል ዳታ ከተዘጋ ከረመ። በሰፈራችን የመስመር ኢንተርኔት ያለኝ እኔ ነኝ፤ ለሥራዬ ብዬ ዘንድሮ ያስገባሁት። የማንም ሰው ልጅ በእኔ መስመር የማይሆን ምስል ቢልክ የሚጠየቀው ማን ነው? የፈረመው ነዋ።

ለዘ. ነገርኳት። አብሽር አለችኝና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ። እናቴ ሞታለች፤ ፍርሃቱ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ቢስሚላህ ብዬ ከፈትኩት። ገባች! አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ። ሰብለ እቤቴ ድረስ መጥታ ከአዲሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኘችልኝ። መንዙማው ግን አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ ግማሽ ሲደርስ ይቆምና እንደገና ከሀ። ሰብለ ቆራረጠችው። አንዱ ቁራጭ ካለፈ በኋላ ላፕቶፗ ትግላለች፣ እስክትበርድ እንጠብቃለን። እንዲህ እያልን ቀናት ይፈጅብናል አለች።

ቀናት! እኔ የአንድ ሰዓት ነገር መስሎኝ።

ሰብለን ሸኝቼ ስመለስ ከአጥሩ ውጭ ሰው ሲያስል ሰማሁ። እዚያ ጋ ማንም ቆሞ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

አጥሬ ሥር ገበያ ቆሟል። በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ወጣቶች፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ሁለት የማላውቃቸው። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ያያሉ። ብርድ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ ንቅንቅ የሚል የለም።

ከዚያ አንድ ነገር አስታወስኩ። የዋይፋዩ ስም! መስመሩ ሲገባ ምን ይባል ሲሉኝ ስሜን ከነአባቴ ስም አጽፌያለሁ። በቅሬያችን፣ በእድራችን፣ ትሪና ሰሐን ሥር ስማችንን እንደምንጽፈው፤ ዕቃ እንዳይጠፋ፣ ከሰው ጋር እንዳይቀላቀል። ማን ዋይፋይ ይጠፋል አለኝ? አሁን የዚህ ሁሉ ሰው ስልክ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ከነአባቴ። ልቀይረው አልኩና ተውኩት። አሁን ብቀይረው የደበቅኩት ነገር ያለ ይመስላል።

እትዬ አልማዝም አለች። አጥር የምንጋራ ጎረቤታችን። ልጇ ለምለም ቤሩት ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ዳታ ከተዘጋ ወዲህ መልኳን አላየችም። ዛሬ በኢሞ ቪዲዮ ጥሪ አገኘቻት። ስታለቅስ፣ ስትስቅ፣ ከስተሻል ስትል ጓዳ ድረስ ይሰማል። እትዬ አልማዝ ወሬ አያድርባትም። የገዛ ልጄን መታጨት ከእኔ ቀድሞ ሰፈሩ የሰማው በእሷ ነው። ስለ ዋይፋዩ ደግሞ እስካሁን ለማን ለማን ነግራ ይሆን? ያረቢ!

አርብ፣ ኅዳር 9

ላፕቶፗ ጸጥ አለች። ስክሪኗ ጠቆረ። ዘ. አጠገቤ ነበረች፤ እጄን ያዘችኝ። ወደ ጁምዓ ሄድኩ፤ ምን እንደተሰበከ አላውቅም። ስመለስ በርታለች። ዘ. ብርድ መቷት ነው ብላ ፀሐይ ላይ አውጥታ፣ በሻሿ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ አሙቃታለች። ቀጭ፣ ቀጭ። ይሄን ድምፅ እወደዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10፣ ከመግሪብ በኋላ

ቸኩዬ ስለምጽፍ በጽሑፌ አትፍረጂብኝ።

ጋሽ ይማም መጡ። የቀበሌያችን ሚሊሻ። ጠብመንጃቸውን በር ላይ አላስደገፉም፣ ይዘውት ገቡ። አጥርህ ሥር የሚሰበሰበው ምንድን ነው አሉኝ። ፀሐይ ይሞቃሉ አልኳቸው። በዚህ ጨለማ! ምን እንዳናገረኝ አላውቅም። ጋሽ ይማም አላሾፉም፣ አልተቆጡም። ስልካቸውን አውጥተው ስሜን አሳዩኝ። ይሄ አንተ አይደለህም ወይ? ነኝ አልኩ። ሰኞ ማታ ይቆለፍ፣ ካልተቆለፈ ማክሰኞ ጠዋት ለበላይ አመለክታለሁ አሉ። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ወጡ።

ገና ብዙ ቁራጭ ይቀራል። ዛሬውኑ ልቆልፈው አልኩ። ዘ. አባቷ ትናንት ማር እንኳ አልዋጥ እንዳላቸው ነገረችኝ። አልቆለፍኩም።

እሁድ፣ ኅዳር 11

ለሰብለ ደወልኩ። ጉዴን ስትሰማ ሳቀች። የስልክ መስመሩን ከዋይፋዩ ሳጥን አይነቅሉትም እንዴ አለችኝ። ለካ ላፕቶፖቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በሳጥኗ ነው፤ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም! ብነቅለው መንዙማው ይቀጥላል፣ አጥር ሥር ያለው ሰው ምንም አያገኝም። የሚያውቁ መስሎኝ ነው አለች። ከረቡዕ ጀምሮ በከንቱ ስንቀጠቀጥ!

እየሮጥኩ ነቀልኩት። ሳጥኗ ላይ አንድ መብራት ጠፋ። ቁራጩ ማለፉን ቀጠለ። ተገላገልኩ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ እተኛለሁ አልኩ።

ከዚያ በአጥሩ በኩል የእትዬ አልማዝ ድምፅ መጣ። ሄሎ? ለምለም? ሄሎ? ጠፋሽብኝ፣ ልጄ! ሄሎ?

ገመዱን ይዤ ቆምኩ። አይመለከተኝም አልኩ። ሄሎ ትላለች። ሚሊሻው ስሜን ይዟል አልኩ። ሄሎ ትላለች። ዘ. ከጓዳ ወጥታ ገመዱንም እኔንም አየች፣ ተመልሳ ገባች።

ሰካሁት። ራሴን ሰደብኩ፣ ግን ሰካሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ማታ

ኅዳር ሲታጠን ነው ዛሬ። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ደጅ ያቃጥላል። እትዬ አልማዝ የሰፈሩን ጉድፍ አስጠርጋ የት አስከመረችው? እኔ አጥር ሥር። አርባ ቦታ እያለ! ሰዉ እሳቱን ከቦ ቆመ፣ አንድ እጁ በእንጨት ይቆሰቁሳል፣ ሌላው ስልክ ይዟል። ጋሽ ይማም አልፈው ሄዱ። በዓል ነው፣ ጭስ ነው፣ ምን ይላሉ? ዓይናቸውን እያሹ አለፉ። እኔ ግን መጋረጃው ሥር ተደብቄ ነበር።

ከመግሪብ በኋላ የመጨረሻው ቁራጭ አለፈ። ሰብለ እንዳሳየችኝ ገጣጠምኩት። ነካሁት። መጀመሪያ ከበሮው፣ ድቤው። ከዚያ እሳቸው። ያ የወፈረ፣ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ። ዘ. መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ሻሿን አፏ ውስጥ ጨምራ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቅሻለሁ?

ወዲያው ዋይፋዩን ቆለፍኩ። አዲስ ፓስወርድ። ላፕቶፗ ተባረረች፣ ትንሽ ቀጭ ቀጭ አለችና ዝም። ደጅ ያለው ሰው አንድ ጊዜ አጉረመረመ። ከዚያ የሚሰማው እሳቱ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13፣ ኮምቦልቻ

በሚኒባስ ወረድን። ሐረጎ ላይ ፍተሻ። ሁላችንም ውረዱ ተባልን። መንዙማውን የገለበጥንበት ፍላሽ ዘ. ጉያ ነው። ይሄ ምንድን ነው ቢሉን፣ መንዙማ ነው ብንል፣ ክፈቱት ቢሉን፣ የት እንከፍተዋለን? መታወቂያ አይተው ለቀቁን።

ሸህ ሙሄ አጥንት ብቻ ሆነዋል። ዘ. ፍላሹን በቤቱ ስፒከር ሰክታ ትራሳቸው አጠገብ አስቀመጠችው። ድቤው ሲጀምር ዓይናቸው ተከፈተ። በደህና እጃቸው ብርድ ልብሱን መምታት ጀመሩ፤ ከድቤው ጋር፣ ሳይዛነፉ። የተቀባዮቹ ቦታ ሲደርስ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለውም። ግን ተቀበሉ። ዘ. ብታስምለኝ እምላለሁ ትላለች፤ እኔም አይቻለሁ፣ ተቀበሉ። ሲያልቅ በጣታቸው ድገሙት አሉን። ደገምነው። ማታ ሦስት ማንኪያ አጥሚት ዋጡ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14፣ ደሴ

ተመለስን። አጥሩ ሥር ማንም የለም፣ አመድ ብቻ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እትዬ አልማዝ ብቻዋን ቆማለች። ስልኳን ከፍ ታደርጋለች፣ ዝቅ ታደርጋለች። ስታየኝ ደነገጠች፣ ስልኩን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። የሸህን ጤና ጠየቀችኝ። እግዜር ይማራቸው አለች። ስለ ለምለም አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

እስከ ሰኞ ለሸህ ሙሄ ድምፅ ስል ነው የምፈራው እል ነበር። አሁን ድምፃቸው ተገኝቷል፤ ፍርሃቱ ግን እንዳለ ነው፣ ቦታውን አልለቀቀም። ስሜም እንዳለ ነው። ልቀይረው ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩት፣ ማስታወሻዬ። ጋሽ ይማም ቆልፍ አሉኝ። ቆለፍኩ። ለማንም እንዳትናገር ግን አላሉኝም።

አሁን ወጥቼ ፓስወርዱን ለእትዬ አልማዝ በጆሮዋ ነገርኳት። ምስጢር ነው፣ አደራ አልኳት። በሚካኤል ማለችልኝ። ነገ ጎሕ ሳይቀድ ሰፈሩ በሙሉ እንደሚያውቀው እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። አሁንም በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ።