የፉሪው ግንብና እጥፍ የሆነው ደመወዜ

ለተከበሩ አቶ ሽመክት፣
የፉሪ ተዳፋት መኖሪያ መንደር ግንባታ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህ ክረምት እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን ከእርጥበትም ከጉንፋንም ጠብቆ እንዲያሳልፍዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የፕሮግራም ቁጥጥር ባለሙያዎ የነበርኩት የወይንሐረግ ነኝ። ሥራዬ በዕቅድ የተያዘውን መሬት ላይ ከተሠራው ጋር ማመሳከር ስለነበር፣ ምስጋናዬንም በዚያው ልማድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ደመወዝ እንዲሻሻልልኝ ባመለከትኩ ጊዜ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለዚህ ሙያ የሚከፈለውን አስጠንተው የእኔ «የተለመደው» መሆኑን በትሕትና ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ጥናቱ የሾፌርዎን ደመወዝ አለመንካቱ እኔን ከሐዘን ለመጠበቅ እንደሆነ ይገባኛል።

2. ለምረቃው ዕለት የተዳፋቱን አፈር የሚይዘው የድጋፍ ግንብ እንዲያምር፣ የዝናብ ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በሲሚንቶ ተደፍነው ነጭ ቀለም ስለተቀቡ፣ እንግዶችዎ ልብሳቸው ሳይረጥብ ፎቶ ተነሥተዋል። ውሃው ግን ከግንቡ ጀርባ ቀርቷል፤ በየቀኑም ይጨመርበታል።

3. ቀዳዳዎቹ ይከፈቱ ብዬ ሪፖርት ባደረግሁ በሳምንቱ፣ ደመወዜን እጥፍ ያደረገ ደብዳቤ ደረሰኝ። በምላሹ የጠየቁኝ «የውሃ ማስወገጃው ሥራ ተጠናቋል» ብዬ እንድፈርም ብቻ ነበር። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ለአንድ ፊርማ እንዲህ የሚከፍል እንደሌለ የራስዎ ጥናት ምስክር ነው።

እኔ ግን ፈራሁ፣ አቶ ሽመክት። ከግንቡ ሥር ኦቦ ጋሮማ ከነልጅ ልጆቻቸው ይኖራሉ። እኚህ አዛውንት ግንቡ መካከሉ ላይ ሆድ ማውጣቱን በዱላቸው እያመለከቱ አሳይተውኝ፣ ለኢሬቻ ያደርሰን ይሆን ሲሉ ጠየቁኝ።

4. ባለመፈረሜ ስላሰናበቱኝም አመሰግናለሁ፤ ይህን በግልጽ ለመጻፍ ጊዜ አገኘሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እባክዎን ሰዎቹን ዛሬውኑ ያስወጡ፤ ቀዳዳዎቹንም ያስከፍቱ።

ትእዛዝዎን ሁልጊዜ ያከበረች፣ አንዴ ብቻ ያላከበረች፣ ለጤናዎና ለግንብዎ ዕድሜ የምትለምን የቀድሞ ሠራተኛዎ፣

የወይንሐረግ ዘርሁን
ሰበታ

ማስታወሻ፦ ለቦታዬ ያወጡትን ማስታወቂያ አነበብኩ፤ ደመወዝ በስምምነት፣ መኖሪያ ቤት በነጻ ይላል። ቤቱን አውቀዋለሁ። ከግንቡ ሥር ነው፤ የነበሩት ተከራዮች ባለፈው ሰኞ ፍራሻቸውን ተሸክመው በዝናብ ወጥተዋል። ለምን እንደወጡ ለአዲሱ ባለሙያ የሚነግር ሰው፣ የተለመደ ደመወዙ ስንት ይሆን?