ሳላነብ የፈረምኩበት የብረት በር

ለተከበሩ አቶ ፍቃዱ፣
የወረዳችን የነዋሪዎች ተሳትፎ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከስብሰባ ስብሰባ ሲመላለሱ ለማይደክሙት እግሮችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ክርና ዚፕ የምሸጠው አስናቀው ነኝ። ደኅና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አራት ጊዜ ከወንበሬ ተነስቼ ጓዳ ገብቼ ባለቤቴን ሠርኬን አይቼ ተመልሻለሁ። የመውለጃዋ ቀን ደርሷል።

ባለፈው ወር ስለ ዜጎች መብትና ግዴታ በጠሩን ስብሰባ ላይ ዜጋ የሆነ ሰው መምረጥ ብቻ ሳይሆን መሳተፍና መጠየቅም እንዳለበት ሦስት ሰዓት ሙሉ ስላስተማሩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔም ትምህርቱ ገብቶኝ ለመጠየቅ እጄን ሳወጣ ሰዓቱ አልቋል ተባልኩ። ቅር አላለኝም፤ እነሆ ዛሬ በጽሑፍ እጠይቃለሁ።

፩. በዕለቱ በአዳራሹ መግቢያ ላይ የተዘረጋልን የስም ዝርዝር መገኘታችንን ብቻ የሚመሰክር መስሎን ነበር። በሳምንቱ ከቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ስናየው ግን መኪና ወደ ሰፈራችን የሚገባበት ብቸኛው መንገድ ለጸጥታ ሲባል በብረት በር እንዲዘጋ ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል ይላል። እኛ ሳናውቀው መስማማታችንን ስላወቁልን እጅ እንነሳለን።

፪. ይህኛው የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል። እንደሚያውቁት ከስብሰባ የቀረ ሰው መታወቂያ ሊያሳድስ ሲመጣ ዛሬ ነገ እየተባለ ይመላለሳል። ስለዚህ ሱቃቸውን ጥለው መምጣት ላልቻሉት ለባህረዲን፣ ለእትዬ የሻሽወርቅና ለሌሎች ዘጠኝ ጎረቤቶቼ የእጅ ጽሑፌን እየቀያየርኩ ፈረምኩላቸው። በእኛ ዘንድ ይህ ጉርብትና ነው፤ እኔ ስቀር ደግሞ እነሱ ይፈርሙልኛል። በእርስዎ ቃለ ጉባኤ ግን አንድ ሰው አሥራ ሁለት ድምፅ ሰጥቶ የገዛ ሚስቱን መንገድ ዘጋ። በእርስዎም በራሴም ተናድጃለሁ።

፫. የበሩ ቁልፍ ያለው በአንድ ጥበቃ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላው መውጫችን ለእግረኛ እንጂ ለመኪና አይበቃም፤ አርብ ቀትር ላይ ደግሞ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ በሰጋጆች ይሞላል። ስለዚህ አሥራ ሁለቱንም ፊርማ መሰረዜን፣ ጎረቤቶቼም ይህንኑ በየራሳቸው እጅ ጽፈው ማያያዛቸውን እየገለጽኩ፣ በሩ ዛሬውኑ እንዲከፈትልን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ነገ ሊረፍድ ይችላል፤ እባክዎን!

ለሚቀጥለው የግዴታ ትምህርት ከፊት ወንበር የማይጠፋው፣ ከእንግዲህ ግን አንድ ገጽ ሳያነብ እስክሪብቶ የማይነካው፣ ታዛዥ ተማሪዎ

አስናቀው
መርካቶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ሳልከተው ሠርኬን ምጥ ያዛት። ቀኑ አርብ፣ ጊዜው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። አምቡላንሱ ሳይዘገይ መጥቶ ከብረት በሩ ማዶ ቆመ፤ እኛም ሠርኬን ደግፈን እስከ በሩ አደረስናት። ጥበቃው ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ እርስዎ ስለ ዜጋ ግዴታ ወደሚያስተምሩበት አዳራሽ ተጠርቶ ሄዷል፤ ስልክ አጥፉ ስለተባሉም ደውለን ልናገኘው አልቻልንም። እትዬ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን አንጥፈው ሴት ልጃችንን እዚያው ተቀበሏት። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። የልደት ምዝገባ ቅጹ የትውልድ ቦታ ይጠይቃል። ሆስፒታል ብዬ እንዳልሞላ፣ ለመንግሥት ሐሰት መጻፍ ያስቀጣል፤ ስለዚህ እውነቱን ጻፍኩ፦ ከተቆለፈ በር ሥር። የወረዳው ማኅተም እንዲያርፍበት ሰኞ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ።