ብርቱካናማው ድራምህ

ውዴ ታምሬ፣

ከተለየኸን ዓመት አለፈ። አሁንም ኬንያ፣ ካሳራኒ ሰፈር፣ እዚያው ቤት ነን። ልጃችን ሳሮን ዩኒቨርሲቲ ገብታ በማታቱ ታክሲ ትመላለሳለች። እኔም ደህና ነኝ፤ ራት ሳቀርብ ግን እጄ አሁንም ለሦስት ሰው ነው የሚያወጣው።

ስለ ድራምህ ልንገርህ። ዌስትላንድስ የነበረው ሙዚቃ ቤት ሲዘጋ ገዝተህ ያመጣኸው ቀን ትዝ ይለኛል። ደማቅ ብርቱካናማ ነበር፤ የከበሮዎቹ አፍ እንደ ጡሩንባ ሰፍቶ ወደ ፊት የታጠፈ። እኔ ስስቅ አንተ እንደ አራስ ልጅ አቅፈህ አስገባሃቸው። ቤተ ክርስቲያን ስትወስደው ሽማግሌዎቹ ቀለሙ የጭፈራ ቤት ይመስላል አሉ። ሳትከራከር ከበራችን በተረፈው ነጭ ቀለም ቀባኸው።

በቅርቡ ሳሮን ያነሳችውን የድራሙን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አይተው አንድ ኬንያዊ አዛውንት ከሩንዳ ሰፈር መጡ። አሮጌ ድራም ይሰበስባሉ። ገና ሳይቀመጡ ተንበርክከው የከበሮውን አፍ ዳሰሱ።

"ድምፁ ወደ ሕዝቡ እንዲሄድ ብለው ነው እንዲህ የሠሩት" አሉኝ። "ሰው ግን ቅርጹን አልወደደውም፤ ብዙ ሳይሠራ ቀረ። እኛ ሰብሳቢዎች የምንፈልገው ለዚሁ ነው።"

ከሥሩ ነጩን በጥፍራቸው ፋቅ ሲያደርጉት ብርቱካናማው ብቅ አለ። ቀለሙን አንስተው እንደ ጥንቱ ሊያደርጉትና ሊገዙት ጠየቁኝ። እንቢ አልኩ። የብሩሽህ መስመር ገና ይታያል፤ እጅህን የሚያጠፉብኝ መሰለኝ።

ሳሮን ግን "እማዬ፣ አባዬ እኮ ነጩን ወዶ አልቀባውም። ለሰላም ብሎ ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሥራ ስትሠራ ሁልጊዜ ታንጎራጉር ነበር፤ ያን ቀን ግን ድምፅህ አልተሰማም።

አልሸጥነውም፤ ነጩን ግን ልናነሳው ወሰንን። አዛውንቱም አልተቀየሙ፤ ከበሮዎቹ የተሠሩበት ፋይበር ሳይጎዳ ቀለሙ እንዴት እንደሚነሳ አሳዩን። ቅዳሜን ከእርሳቸው ጋር ሦስታችን መሬት ቁጭ ብለን ስንፍቅ ዋልን። እያለቀስኩ ጀመርኩ፤ ወደ ማታው ላይ ግን ሳሮን ስለ አንተ እያወራች ታስቀኝ ነበር።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወስደነው ሳሮን መታችው። ከመዝሙሩ በኋላ፣ ያኔ ከሽማግሌዎቹ መካከል ቀለሙን አጥብቀው የተቃወሙት ጋሽ በቀለ ቀረብ ብለው ከበሮዎቹን ሲያዩ ቆዩ።

"ታምሩ ይህን ሁሉ ዘመን ምንም አላለን እኮ" አሉኝ ቀስ ብለው።

እኔ እላለሁ፣ ታምሬ። ድራሙ የማን እንደነበረ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስምህን እጠራለሁ፤ እንዴት ትወደው እንደነበርም እነግራለሁ።

ያንተው አልማዝ