የተቋጠረው ነጠላ

ሐረር፣ ጥቅምት ፱ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.

ልጄ ዘነበችና የፈታችው ባሏ በቀለ ዛሬ በልጃቸው በአስካለ ተሟገቱ። እሱ ድሬዳዋ ልውሰዳት ይላል፤ እሷ አልሰጥም ትላለች። የሰፈሩ ዳኛ እንደ ተሟጋቾች ወግ፣ አንዱ እንዳይጠፋ የሁለቱን ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ቋጥሮ ወደ ችሎት ሰደዳቸው። እኔም ተከተልኳቸው።

«ቀስ በል እንጂ! ለሰርጋችን እንኳ እንዲህ አልሮጥክም» አለችው ዘነበች።

ፈረስ መጋላ ስንደርስ መፋታታቸውን የምታውቅ ቅመም ሻጭ አየቻቸው። «ወላሂ፣ እነዚህን ደግሞ ማን መልሶ አጋባቸው?» ብላ ጮኸች። ገበያው ሳቀ። በቀለ ሳቀ፤ ዘነበችም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ያኔ እያለቀሰች የዳርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ እያወሩ በእርጋታ ሄዱ።

ችሎቱ በር ላይ በቀለ ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ አስካለ ከእናቷ ጋር እርስዎ ዘንድ ትደግ። እኔ በየበዓሉ እየመጣሁ አያታለሁ።»

«ባዶ እጅህን እንዳትመጣ ብቻ» አለች ዘነበች።

ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ ስላለ በጥርሴ ፈታሁት። የችሎቱ ዳኛ ፊት የገባነው እርቁን ለመንገር ብቻ ነው።

ማምሻውን ዘነበች ነጠላዋን ስታጥብ፣ አስካለ ውኃውን እያንቦጫረቀች ትስቅ ነበር። ቤቴ ሞልቶ ደስ አለኝ። ስለ ሰርጉ ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ምነው እማዬ?» አለችኝ።

እንዶዱን አቀበልኳት።