ደህናውን ዓይን መሸፈን

ሰኞ
ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ጀልባ እቀዝፋለሁ፣ መረብ እጠግናለሁ፣ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ዛሬ ግን ሐኪም ቤት ነርሷ እንደ ልጅ ገሠጸችኝ። እናቷ ማታር ከተማ ስለምትነግድ የልጅ ልጄን አሪየትን የማሳድጋት እኔ ነኝ። ግራ ዓይኗ ሰነፍ ነው፤ አጥርቶ አያይም። የዓይን መሸፈኛ ተሰጥቶን ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ሰነፉን ሸፈንኩ። የሚታሰረው የታመመው አይደል? "አባባ፣ የሚሸፈነው ደህናው ነበር እኮ! ጭራሽ አስተኙት!" አለች። ዓይኑስ ጤነኛ ነው አለች፤ የናቀው አንጎሏ ነው፤ በልጅነቷ ካልለመደ ዕድሜዋን ሙሉ ይንቀዋል። ያን ጊዜም ነግረውኝ "ገባኝ" ብዬ ወጣሁ። ሁለቴ መጠየቅ አልወድም።

ማክሰኞ
ደህናውን ሸፈንኩ። ከበሩ መቃን ተጋጨች፣ ግንባሯ አበጠ። ገንጥላ ጣለችው። መልሼ ለጠፍኩ። ደግማ ስትገነጥል እጇን በጨርቅ አሰርኩ። ጎረቤቴ በአጥር አጮልቃ፣ "ሽማግሌ፣ ሚስትህ ብትኖር ይሄን ታደርግ ነበር?"
"ሚስቴ ብትኖር አንቺ አጥሬ ላይ አትንጠለጠይም ነበር" አልኳት።
ትንሽ ደስ አለኝ። ልጅቷ ታለቅሳለች።

ረቡዕ
ነርሷ ዶቃ ትሰካ ብላለች። የሟች ሚስቴን ዶቃ አወጣሁ። አንዱን ለብቻው ሳሳያት "ቀይ ነው" አለች። ከሌሎቹ መሃል ሳደርገው ጠፋባት። "ተጣበቁ" ትላለች። ታሾፍብኛለች ብዬ ጮህኩ። ካልሰካሽ ዓሣ የለም አልኩ። ዓሣው ቀዘቀዘ። የነርሷ ነገር ኋላ ታወሰኝ፤ ዓይኑ ያመጣል፣ አንጎሉ ግን የተጠጋጋውን መለየት አያውቅበትም። አልዋሸችም። ይቅርታ አላልኩም። ዓሣውን አሞቅሁ፤ አልበላችም።

ሐሙስ
ዶቃውን አራርቄ ዘረጋሁ። ከዚያ ቀስ እያልኩ አቀራረብኩት።
"አያቴ፣ አንተ ስትታወር እኔ አልመራህም።"
"አትምሪኝ። ሰማያዊውን ብቻ አንሺ።"
ከመሃል አነሳችው! ከዚያ ወረወረችብኝ።

ዓርብ
ልጄ ከማታር መጣች። ጎረቤቴ ደውላላታለች። የአሪየትን ግንባር አየች። "እናቴንም 'ሐኪም ምን ያውቃል' ብለህ ቤት ያስቀረሃት አንተ ነህ። ልጄን እወስዳለሁ" አለች። ልጄን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ነርሷ ፊት፣ "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ መሸፈኑን ግን እንዳትተዪ" አልኳት። ነርሷ አስረዳቻት። ልጄ ሁለቴ ጠየቀች።

ቅዳሜ
ባሮ ወንዝ ዳር ሸኘኋቸው። ደህናው ዓይን ተሸፍኗል፤ የለጠፈችው እናቷ ናት። ጀልባው ሲነሳ እጄን አነሳሁ። አሪየት እጇን አላነሳችም። ልብስ አጣቢው፣ ዓሣ ሻጩ፣ ሁላችንም ተጠጋግተን ቆመናል፤ ከእነዚህ ጋር ተጣብቄባት ይሆናል ብዬ ራቅ አልኩና አሸዋው ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ያኔ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

አላየችኝም ይሆን? ትጥላኝ ግድ የለም። ብቻ አይታኝ ይሁን ያዞረችው።