«ንፋሱ አይደርሰኝም» ላልሽው

መጋቢት 19 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለምትናፍቂኝና ለማከብርሽ ባለቤቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጠይቅሽም። በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የምታነሳው እናቴ ስለሆነች፣ ደህንነትሽን የምሰማው ከእሷ ነው። «ልብስ እያጠበች ነው» ትለኛለች። በእነዚህ ሳምንታት በቤታችን የታጠበው ልብስ የአንድ ሰፈር ሕዝብ ያለብሳል። እኔ በበኩሌ ጤነኛ ነኝ፤ ምግብ ግን እንደ ቀድሞው አይወርድልኝም፤ ምክንያቱንም አንቺ ታውቂዋለሽ።

በስልክ ስንነጋገር ቁጣዬ ከሐሳቤ ይቀድማል፤ ስለዚህ መጻፍን መረጥኩ። የተቀመጥኩት ጋራዡ በር ላይ፣ ከተፈታ መኪና ወጥቶ አግዳሚ በሆነልን ወንበር ላይ ነው። ወረቀቱን የሚያደርስልሽ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚመለሰው በያጁ ጓደኛዬ ነው፤ «ብልጭታ» እንለዋለን። ወንበር ስጪው እንጂ ወሬ አትስጪው፤ አፉም እንደ እጁ እሳት ይረጫል። ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ይህን ያህል መጻፉ ቢያስገርምሽ አልቀየምም። አንድ ቀን «መምህሩ ሲናገሩ ዐረፍተ ነገራቸው አይቋረጥም» ብለሽኝ ነበር። እነሆ፣ የእኔም አልተቋረጠም።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ከጎረቤታችን ቤት የተከራየው መምህር፣ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ አንቺን ከምትሠሪበት ስፌት ቤት በር እንደሚያደርስሽ የነገርሽኝ ዕለት፣ አፌ «እግዜር ይስጠው» አለ። ሆዴ ያለውን ግን አልነገርኩሽም። ሰውዬው ወንደላጤ ነው፤ ያውም ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ ወንደላጤ። መጀመሪያ «መምህሩ መጡ» ትይኝ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ «መምህሩ መጣ» ሆነ። አንቱታው ከየትኛው መታጠፊያ ላይ ወደቀ እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ።

ከዚያ የመኪናው ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ ታመመ። «ባልሽ የዚህ ሥራ ሰው አይደል፤ እስቲ ጠይቂልኝ» ብሎሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ማንኛውንም ደንበኛ እንደምጠይቅ ጠየቅኩሽ።

«ንፋሱ እንዴት ነው?»

«ድምፁ ይሰማል እንጂ ንፋሱ አይደርሰኝም።»

«ውስጥ ውሃ ይታያል?»

«ፊት፣ እግር የሚያርፍበት ምንጣፍ ይረጥባል። ጫማ ያበላሻል።»

«ሁልጊዜ ነው የሚሞቀው?»

«ሲሄድ ደህና ነው፤ ቆመን ስንጠብቅ ነው የሚብሰው።»

ሌላ መካኒክ ቢሰማው እነዚህ የብልሽት ምልክቶች ናቸው። እኔ ግን መኪናውን ትቼ አንቺን አየሁ፤ ፊት ወንበር ላይ፣ ጫማሽን አውልቀሽ፣ በቆመ መኪና ውስጥ ከእሱ ጋር። «ቆመን» ያልሽው የት ነው? የምትጠብቁትስ ምን ነው? ይህን እንደ ሰው መጠየቅ ሲገባኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ መኪና ውረጂ» አልኩሽ። አንቺም «እሺ ጌታዬ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ከተጋባን ጀምሮ ጌታዬ ብለሽኝ አታውቂም። ያ ቃል እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ነው።

ብልጭታ ጉዳዩን ሲሰማ ምክር አልነፈገኝም።

«ኤሲዬ ታመመብኝ ካለህ ጋዝ ሙላ በለው፤ ሌላ ምንም እንዳትነግረው» አለኝ። «በሳምንቱ ይተነፍሳል። ይሞላል፣ ይተነፍሳል። እስኪሰለቸው ላብ በላብ ሆኖ ይነዳል። ላብ የጠጣ ሸሚዝ ደግሞ ቢተኮስም አያምርም።»

«ተወኝ እስቲ» አልኩት።

«እኔማ ትቼሃለሁ። እሱ ነው ያልተወህ።»

አፌ «ተወኝ» ቢልም ሆዴ ምክሩን ተቀብሎት ነበር። «ጋዝ ብቻ ይሙላ» ብዬ ልልክልሽ ቆርጬ ነበር።

ትናንት አንድ አሮጌ መኪና ወደ ጋራዡ ገባ። ባል ይነዳል፤ ሚስት ከልጆቿ ጋር ኋላ ተቀምጣለች። ባል ገና ሳይወርድ፣ «ኤሲው ደህና ነው፤ የታመመችው እሷ ናት። እኔ እኮ እጄ በረዶ ሆኖ ነው የምነዳው» አለ።

«አንተማ ፊቱ ላይ ተደፍተህበት» አለች ሚስት። «እኔና ልጆችህ እዚህ እንደ ዳቦ እየበሰልን ነው።»

«ፊት ነይ ስልሽ እምቢ አልሽ።»

«ሕፃኑን ማን ይይዘዋል፣ አያትህ?»

ፊት ካለው ንፋስ ማውጫ ላይ እጄን አደረግኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ሰውዬው «አላልኩም?» በሚል ዓይን አየኝ። መፍቻዬን ላነሳ ስል ሽማግሌው አለቃችን ትከሻዬን ያዙኝ። እኚህ ሰው አንድ ሕግ አላቸው፤ አቤቱታ ያቀረበው ሰው ከተቀመጠበት ወንበር ሳይቀመጥ ማንም መፍቻ አያነሳም።

«ኋላ ግባ» አሉኝ።

ገባሁ፤ በሩን ዘጉት። የፊተኛው ንፋስ ሲያጓራ ይሰማኛል፤ የአባወራው ፀጉር ሲውለበለብ አያለሁ፤ እኔ ዘንድ ግን የሚደርስ ነገር የለም። ላቤ ባንገቴ ወረደ። የድሮ መኪና ስለሆነ ለኋላ ተሳፋሪ ማውጫ አልተሠራለትም። በዚያ ሙቀት ውስጥ ሳለሁ ድምፅሽ መጣብኝ፤ ድምፁ ይሰማል እንጂ ንፋሱ አይደርሰኝም። ፊት የተቀመጠ ሰው «ደካማ ነው» ይላል። «አይደርሰኝም» የሚለው ኋላ የተቀመጠ ነው።

«ምን አገኘህ?» አሉኝ አለቃዬ።

«ሚስቴን» አልኳቸው። እሳቸው ባይገባቸውም ሴትዮዋ ሳቀች።

ወዲያው ወደ ቤት ደወልኩ፤ እንደ ልማዷ እናቴ አነሳችው።

«እማዬ፣ መምህሩ መኪና ውስጥ ፊት የሚቀመጠው ማነው?»

«እኔ ነኛ። ይሄ ጉልበቴ ኋላ ወንበር ላይ የሚታጠፍ ይመስልሃል? ሐኪም ቤት የሚያደርሰን እሱ መሆኑን አታውቅም?»

«ማን ነግሮኝ?»

«ልትነግርህ ስትል ስለ ቱቦ ጠየቅካት፤ ስለ ቱቦ መለሰችልህ። ያን ውሃ ደግሞ ቶሎ በል፤ ጫማዬ ሻግቷል።»

ውረጂ ካልኩሽ ወዲህ አንቺ በእግርሽ በፀሐይ እንደምትሄጂ ነገረችኝ። «እኔም ያለ እሷ ነው የምሄደው። የሐኪም ቤቱን ደረጃ እጇን ይዤ ነበር የምወጣው፤ አሁን ግድግዳውን ይዤ እወጣለሁ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ልጁ እንደሆነ ጨዋ ነው፤ ደግፎ ያስወርደኛል። እንደ ልጄ ነው የማየው» አለች።

ቅናቴ ከሆዴ ሊወጣ ደጃፍ ደርሶ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ተመልሶ ገባ። እናቴን ደግፎ የሚያወርደው እጅ የእኔ መሆን ነበረበት። ስለ አንዲት ሴት እቀና ነበር፤ አሁን ስለ ሁለት ሆነ።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልመለስ። የሚከተለውን በቃልሽ ንገሪው፤ ወረቀቱን ግን አታሳዪው፤ ቀይ እስክሪብቶ ያወጣብኛል።

ውሃው ቀላል ነው። ኤሲ ሲሠራ ከአየሩ የሚወጣው እርጥበት በመኪናው ሆድ ሥር ባለች ቀጭን የጎማ ቱቦ ወደ መሬት መንጠባጠብ አለበት። ያቺ ቱቦ በቆሻሻ ስለተደፈነች ውሃው ወደ እማዬ ጫማ ዞሯል። ከሥር ገብቶ በቀስታ ይጥረጋት። ንፋሱም ለፊተኛው ሰው ጭምር ደክሞ እንደሆነ፣ ከፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ የአየር ማጣሪያ አለች፤ አውጥቶ ይያት። በአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ አቧራና ቅጠል ጠግባ ትገኛለች።

ጋዙን በተመለከተ፣ ማንም «ሙላ» ቢለው አይስማ። ጋዝ እንደ ቤንዚን ነድዶ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ኮፈኑን ከፍቶ የኤሲውን ቧንቧዎች መጋጠሚያ በጥንቃቄ ይመልከት፤ ዘይት አዝሎ አቧራ የለጠፈ ቦታ ካለ ተጠርጣሪው እሱ ነው። የሳሙና አረፋ ይቀባበት፤ የሚያፈስ ከሆነ አረፋው ይነፋል። ለመጋጠሚያ የሚሆኑ የጎማ ቀለበቶች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ሆኖም ራሱ እንዳይፈታው፤ ባለሙያ ጋዙን መጀመሪያ ያውጣለት፤ አለዚያ ፊቱን ያቃጥለዋል። ፊቱ እንዲቃጠል አልፈልግም። ይህችን ዐረፍተ ነገር ጥቂት አስቤ ነው የጻፍኳት።

የቀረው፣ መኪናው ሲቆም መሞቁ ነው። መኪና ሲሄድ የመንገዱ ንፋስ ከፊት ያለውን የኤሲውን ራዲያተር ያበርደዋል፤ ሲቆም ግን ይህን የሚሠራው ማራገቢያው ነው። የእሱ ማራገቢያ አይዞርም ማለት ነው፤ ፊውዙንና ሞተሩን ያስፈትሽ።

ይህን ከመጻፌ በፊት እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ቆማችሁ የምትጠብቁት የት እንደሆነ እናቴን አልጠየቅኋትም፤ ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። ማራገቢያው ካልተሠራ በዚያ መኪና ውስጥ ማንም ቆሞ ረጅም ጨዋታ አይጫወትም። ከተሠራ ግን ቆሞም ይቀዘቅዛል። ይህን እያወቅኩ ጻፍኩልሽ።

ስለዚህ ውረጂ ያልኩሽ እኔ እንደሆንኩ ሁሉ፣ ግቢ የምልሽም እኔው ነኝ። የእማዬን እጅ ያዢልኝ፤ ግድግዳ አትያዝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። የምታጥቢው ልብስ ካለ እስከ ሰኞ ተዘፍዝፎ ይቆይ።

የእማዬን ጉልበት ያበርታልን፤ አንቺን ከፀሐይ ይሰውርልኝ፤ እኔንም ከገዛ ሆዴ ይጠብቀኝ።

አንቺን ብሎ የቀረው
ባለቤትሽ

ይድረስ ያልኩት ሌላም አለ። የፊተኞቹ ንፋስ ማውጫዎች ወደ ላይ ሲቀኑ አየሩ በጣራው ሥር አልፎ ኋላ ይደርሳል፤ ለዚያች ሴትዮም ያደረግኩላት ይህንኑ ነው። በእማዬ በኩል ያለውን እማዬ ታቅናልሽ። በእሱ በኩል ያለውንም እሷው ተንጠራርታ ታቅናው፤ እሱ መሪውን ይያዝ።