ኖር ለእማማ ኤልቪራ

ማክሰኞ፣ ማርች 2፣ 1999። ጠዋት

አጃው ተበልቷል። መድኃኒቱ ተውጧል። እዚህ አሜሪካ፣ ስማይርና ከተማ ዝናብ ነው። እማማ ኤልቪራ ግን ፊታቸው ጠቁሯል። እዚህ ቤት እሳቸውን ልንከባከብ ከተቀጠርኩ ጀምሮ፣ ሳሎን ሲገቡ ብድግ እላለሁ። ዛሬ መታገሥ አልቻሉም፣ ጠየቁኝ። ምን ብበድልሽ ነው ስገባ የምትሄጂው አሉኝ።

የምትሄጂው! ማስታወሻዬ፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ማለት ነውር ነው ብዬ አስረዳሁ። ከዚያ አወሩኝ። በአገራቸው፣ በመካከለኛው አሜሪካ፣ ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው በኤጀንሲው በኩል ሲቀጥረኝ ነግሮኝ ነበር፤ ጉራ መስሎኝ አለፍኩት። አዲስ ተመራጭ ሲገባ አዳራሹ ቆሞ ይቀበላል፣ ወጉ ነው። ለእሳቸው ማንም አልቆመም። አጠገባቸው የነበሩት ሁለቱ ብቻ ተነሱ። ወንበር ሊቀይሩ።

ሐሙስ፣ ማርች 4

«ኖር» አስተማርኳቸው። መልሱንም። «በእግዜር» ማለት አቅቷቸው «በግዜል» ይላሉ። ሆዴ እስኪቆስል ሳቅኩ። አሁን ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ እንኳ ኖር ካላልኩ በር ላይ ተገትረው ይቀራሉ። አይ እማማ!

ሰኞ፣ ማርች 15

ከአገራቸው ተደወለ። ከባሕር ዳርቻቸው የተመረጠች ሌላ ጥቁር ልጅ ፓርላማ ልትገባ ነው። እሳቸው ይዘዋት እንዲገቡ ትፈልጋለች። ልጃቸው በፍጹም አለ፤ ልባቸው አውሮፕላን አይችልም።

ምሳ አልበሉም። መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ባሕሩ ናፈቀዎት ወይ አልኳቸው። የናፈቀኝ ያ በር ነው፣ አንዴ ደግሜ ብገባበት አሉ።

ማታ ለባሌ ለተካ ነገርኩት። ዳውንታውን ታክሲ ሲነዳ ውሎ ደክሞታል። «ለምን ስትረስ ታደርጊያለሽ? ሥራ ነው እኮ። ሌላ ክላየንት ይሰጡሻል» አለኝ። ተኮራረፍን።

ቢሄዱ ደስ ይለኛል። እንዲሄዱ ደግሞ አልፈልግም። ሁለቱም እውነት ነው።

ዓርብ፣ ማርች 26

ልጃቸው ኩሽና ገብቶ አንቺ ምን ትያለሽ አለኝ። እዚህ ተቀምጠውም ልባቸው እየደከመ ነው አልኩት። ተቆጥቶ ወጣ። ከሥራ የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር። አመሻሹ ላይ ሁለት ቲኬት ይዞ መጣ፣ የእናቱንና የራሱን።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 10

ሸኘናቸው። ተካ ራሱ ነዳ፣ ሻንጣውንም ተሸከመ። ታረቅን ማለት ነው። አውሮፕላኑ በር ድረስ ገባሁ። አቀፉኝ። ቅቤ ቅቤ ይሸታሉ፤ ጸጉራቸውን የቀባኋቸው እኔ ነኝ። መኪናው ውስጥ እስክገባ እንባዬን ያዝኩ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 21

ደወሉ! ተሽከርካሪ ወንበሩን እምቢ ብለው፣ የልጅቱን ክንድ ይዘው በእግራቸው ገቡ። በሩ ሲከፈት አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ለአፍታ ሊወጡ የተነሱ መስሏቸው ደነገጡ። ማንም አልወጣም። ያን ጊዜ ጮክ ብለው «በግዜል!» አሉ። ጋዜጠኞቹ የምን ቋንቋ ነው እያሉ ልጃቸውን አስጨነቁት።

ሳቅን። ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። አልመለስም፣ እዚሁ እህቴ ጋ እኖራለሁ አሉ። እንኳን ደስ ያለዎት አልኩ። ስልኩን ዘጋሁና አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 22

ክፍላቸውን ላጸዳ መጣሁ። ከኤጀንሲው ተደውሎ ነበር። ኬኔሶ የሚባል ሌላ ከተማ፣ አንድ ሽማግሌ ጋ፣ ከሰኞ ጀምሮ። እሺ አልኩ። ምን ላድርግ።

አልጋው ተነጥፏል። ሳሎን ቁጭ አልኩ። በናፍቆት መታመም ይህ ነው መሰለኝ። የክፍላቸው በር ሲጥ ሲል ሳላስበው ብድግ። ንፋስ ነው። «በግዜል» የሚለኝ ሳይኖር እንዴት ልቀመጥ፣ ቆሜ ቀረሁ።

አሁን ልደውልላቸው ነው። ሲያነሱት ቁጭ ብዬ አላናግራቸውም።